እንሶስላ የሞቀች ሐዘንተኛ

ቡሬ፣ ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ሞተሃል ተብለህ ላለኸው፣ ለወንድም ዓለሜ ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? ቆላው፣ ትንኙ፣ የትከሻህ ቁስል እንዴት አድርጎሃል? እኔ ናፍቆትህ ሲቀር ደህና ነኝ። ደህና ማለትማ ያንሰዋል፤ በዚህ ክረምት ወዜ ተመልሶ፣ ሰውነቴ ለምልሞ፣ ብታየኝ የሌላ ሰው ሚስት መስዬህ ታልፈኝ ነበር። የምነግርህ ነገር ሁሉ ስለሚያስቀኝ፣ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረድብኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው ሲሉት ዝም ብሎ ያስተማረኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብብ። ተቀመጥ፤ ጠመንጃህንም ከእጅህ ራቅ አድርገው። ሚስትህ ባል ልታገባ ነው የሚል ወሬ ወዳንተ እየመጣ ነው። ደምበጫ ገበያ መድረሱን ነጋዴው ኢስሃቅ በጆሮው ሰምቷል፤ ከዚያ አንተ ካለህበት ለመድረስ ሁለት ገበያ ይበቃዋል። ወሬው ደብዳቤዬን ከቀደመው ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ጓደኞችህ ቢይዙህም አትያዝም፤ ተንደርድረህ ቡሬ ትገባለህ፣ የምሽጉ ባንዶችም እንደ ቆቅ ይለቅሙሃል። ስለዚህ ኢስሃቅን፣ «ጨው የጫኑት አህዮችህ ቢቀሩም ደብዳቤዬ እንዳይቀር» ብዬ በሃይማኖቱ አስምዬዋለሁ። አንተ ፊደል ላይ ከደከመ በሬ እንደምትዘገይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ራስህ አንብበው፣ ለማንም አታስነብብ፣ ስትጨርስም እሳት ውስጥ ጣለው።

ወሬውን ያስነሣሁት እኔው ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

በሰኔ መባቻ መርዶህ ሲመጣ ፊቴን ነጨሁ፣ ጠጉሬን ተላጨሁ፣ ከል ለበስሁ። ሐምሌ ዐሥር ቀን አርባህ ወጣ። ካህናቱ በሚገባ ፈትተውሃል፤ የተዝካርህም ጠላ ድንቅ ነበር፣ ብትኖር ሦስት ዋንጫ ትጠጣለት ነበር። በሳምንቱ ኢስሃቅ አሞሌ ጨው ይዞ ደጄ ቆመና፣ ዋጋ የሚከራከር መስሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የላክኸውን ነገረኝ። «አለሁ፤ ለእናቴም ቢሆን እንዳትነግሪ» ነው ያልኸው። እዚያው ጨው ላይ ወደቅሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲያየኝ ኢስሃቅ፣ ጨው ተወደደ ብላ ነው፣ ሐዘንተኛ ናት እዘኑላት አለ። ያን ሰው አላህ ይስጠው።

እንዳትነግሪ ማለትህ እውነትህን ነው። ሞትህ ከመሰማቱ በፊት የምሽጉ ወታደሮች በየሳምንቱ እየመጡ ጎታውን በሳንጃ ይወጉት ነበር፤ በግንቦት ማለቂያ ደግሞ ቤቱን ከነነፍሴ ሊያቃጥሉት ክብሪት ጭረው ነበር። ከል ከለበስሁ ወዲህ አንድ ሰው ዝር አላለም። የሞተን ሰው ማን ይፈልጋል? ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንተ የምትኖረው እኔ እስካለቀስሁ ድረስ ነው።

ለቅሶውን ግን እስቲ አንተ ሞክረው፤ ደስታ ሆድህን እየኮረኮረህ ማልቀስ እንዴት እንደሚያስቸግር ታየዋለህ። ሴቶቹ ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ፣ አይዞሽ ይሉኛል፣ ያንተን ደግነት ያወሳሉ። ለደሃ እንዴት ታዝን እንደነበር፣ በሰው ነገር እንደማትገባ፣ ተቆጥተህ እንደማታውቅ ይናገራሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ስሰማ ጭኔን ቆንጥጬ ነው ሳቄን የያዝሁት። ሐዘንን ሆድ ይፍጀው ይላሉ፤ ደስታን ግን ሆድ አይፈጀውም፣ እሱ ራሱ ሆድን ይፈጃል። ታዲያ የት ልውሰደው? ወደ ጓሮ ወሰድሁት።

ጓሮው አንተ የምታውቀው አይደለም። በቅሎህ የምትታሰርበት ያ ጭቃ ዛሬ የለም። ከኮኩ ዛፍ ሥር ደገፍ ብዬ እግሬን የምዘረጋበት መደብ በድንጋይና በጭቃ ሠራሁ። በዙሪያው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲና ጠጅ ሳር ተከልሁ። ዱባው ጌሾው ላይ ተሳስቦ ወጥቶ አበባውን ከላይ ያሳየኛል። ፍየል እየገባ ቢያስቸግረኝ ጎረቤታችን አያ ይርሳው አጥሩን በአዲስ እንጨት አጠሩልኝ፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ከውጭ ማንም አያይም። አያ ይርሳው ያ ንብ አናቢው ሽማግሌ፣ በግራ እግራቸው የሚያነክሱት ናቸው፤ ስማቸውን ያዝልኝ፣ ወደ በኋላ ይመጣል።

ዝናቡ ረፋድ ላይ ፋታ ሲሰጥ ያቺ የክረምት ፀሐይ ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ የቤቱን በር ቀርቅሬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ከሉን አውልቄ አጥሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ጠጅ ሳር ነክሬ ያሞቅሁትን ውሃ በገበቴ አቀርብና እግሬን እከተዋለሁ፤ የክረምት ጭቃ የበላው ጣቴ ሲፍታታ እስከ አናቴ ይሰማኛል። ጠጉሬ የጣት ቁመት ደርሷል፤ ለጋ ቅቤ አደርግለታለሁ፣ ሰው ፊት ስወጣ ሽታው እንዳያሳጣኝ ደግሞ በሶብላ አሽቼ ሻሼ ውስጥ እከታለሁ። የበሰለ ኮክ ከራሴ በላይ እቀጥፍና ጭማቂው በክንዴ እየወረደ እበላለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንጎራጉራለሁ።

ወንድም ዓለም፣ ካገባኸኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ከዚያ በፊት አባቴ ቤት ነበርሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን በቀን ብርሃን፣ ሳልታመም፣ እንዲሁ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር። ገላዬ የኔ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው ብልህ ትስቃለህ። ሳቅ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። አንዳንድ ቀን ደስታዬ ያንተ መኖር ይሁን ወይስ የመደቡ ሙቀት እኔም አልለየውም። ስትመለስ ይህን መደብ እንዳታፈርስብኝ፤ ለበቅሎ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ኢስሃቅ ተመልሶ መጣ። ቁስሉ ጠግጓል፣ ክንዱም ጠመንጃ ማንሣት ጀምሯል አለኝ። እሱን ሸኝቼ ስመለስ እግሬ መሬት አልያዘልኝም። ጓሮ ገባሁ። ከአጥሩ ጥግ የእንሶስላው አበባ ነጭ ብሎ ቆሟል፣ ሥሩም ደርሷል። ዕንቁጣጣሽ ሊመጣ ነው፤ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሁሉ በዚህ ሰሞን እጅ እግሯን እንሶስላ ትሞቃለች። እኔስ ባሌ አለ አይደል አልሁ። ቆፈርሁት።

ሐሳቤ እግሬን ብቻ ነበር፤ በዚህ ጭቃ የሰው እግር ማን ያያል ብዬ ነው። ሥሩን ስወቅጠው፣ ስለውሰው ግን እጄ ቀድሞ ቀለም ያዘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይኼ ነው። ከል የለበሰች ሴት በቀላ እጅ ሰው ፊት እንደማትወጣ ማን ያጣዋል? እኔ ግን ያን ሰዓት ልቤን ደስታ ወስዶታል። ከተበላሸ አይቀር አልሁና እጄንም በደንብ ለቀለቅሁት። እግሬን በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርሁ፤ ግራ እጄን በቀኝ፣ ቀኙን ደግሞ በጥርሴ አሰርሁና መደቡ ላይ ተዘረጋሁ።

እንሶስላ ለምን እንደሚወደድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እጅ እግሯ የታሰረን ሴት ማን ውሃ ቅጂ፣ ማን እንጨት ልቀሚ ይላታል? ያቺ ጥቁሯ ዶሮዬ መጣችና ዓይኔ እያየ ጎመኔን ትጭር ጀመር። እሽ እላለሁ፣ አትሰማም። እግሬን ባነሣ ቅጠሉ ሊፈታብኝ ነው። ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትጭራለች። ሳቄ መጣ፤ ከሐምሌ ጀምሮ የያዝሁት ሳቅ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለካስ ያን ቀን በሩን አልቀረቀርሁትም ኖሯል።

ቀና ስል አልጣሽ ቆማለች። ጎረቤታችን አልጣሽን ታውቃታለህ፤ ባሏ ምሽጉ ገብቶ ባንዳ ከሆነ ዓመት አልፎታል። እሳት ልትጭር ገል ይዛ መጥታ፣ ቤት ሰው ስታጣ ሳቄን ተከትላ ጓሮ ደረሰች። አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ከል አየችው። ቅቤ የጠጣ ጠጉሬን አየችው። እጄን አየችው፣ እግሬን አየችው። አልጣሽ «ይህች ሴት ባሏ በሕይወት ቢኖር ነው እንጂ» ብላ ከገመተች፣ ሳይመሽ ምሽጉ ይሰማል፤ እኔን ይይዙኛል፣ እኔን ይዘው አንተን ይጠሩሃል፣ አንተም ትመጣለህ። እሷ ግን ገሉን መሬት አስቀምጣ ፈገግ አለች።

«ማነው?» አለችኝ።

ዓይኗ አዲሱን አጥር ከዳር እስከ ዳር አየውና ወደኔ ተመለሰ።

«አያ ይርሳው ናቸው?»

አቀረቀርሁ። አዎ አላልሁም፣ ማርያም ምስክሬ ናት፤ አቀረቀርሁ ብቻ። በእኛ አገር ስለ ባል ተጠይቃ ያቀረቀረች ሴት ምን እንዳለች አንተ ታውቃለህ፤ አንተም እኔን ያገኘኸኝ በዚያው ነው። አልጣሽ የመጣችበትን እሳት ረስታ፣ ገሉን እዚያው ትታ ሮጠች። እኔ ታስሬ ቀረሁ። ስሜን ለሰው አፍ እንደ ሰጠሁት ገብቶኛል፤ ያንተን ነፍስ ግን አስጥያለሁ፣ እና እመነኝ፣ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሳቅሁ።

በማግስቱ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ እኔ ሆንሁ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ፣ ስመለስ ይቀጥላሉ። እጄ ደግሞ በየቀኑ እየጠቆረ፣ እየደመቀ፣ እንዴት እንዳማረ ልነግርህ አልችልም። መደበቁን ተውሁት። የአልጣሽ ባል ለአስተርጓሚው ነገረው፣ አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ሹም ነገረው፤ ሚስቱ ልታገባ ከሆነማ በእርግጥ ሞቷል ብለው ስምህን ከሚፈለጉት ሰዎች መዝገብ ሰረዙት። ይህን የነገረችኝ ራሷ አልጣሽ ናት፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም፣ ተዳሪ ብላ። ያቺን ባንዳ ሚስት ልስማት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አያ ይርሳው ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ስምዎን አጠፋሁት፣ ምክንያቱን ግን አይጠይቁኝ አልኋቸው። ቀፎ እየጠረጉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ በስድሳ ዓመቴ በሴት መታማቴ ሞገስ ነው እንጂ ምን ጥፋት አለው፣ እኔም አላስተባብልም፣ አንቺም አታስተባብዪ አሉኝ። ምክንያቱን አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ጋቢያቸውን አሳጥበዋል፣ ጺማቸውንም አስተካክለዋል። እንዳትቀና።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስሁ። ነሐሴ ሃያ ቀን ሰማንያህ ወጣ። እናትህ እመይቴ ወለተ ኢየሱስ ከገጠር መጡ፤ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምተውታል። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት እጄን ይዘው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ አነሡት።

«ልጄን አንድ ጊዜ ጣሊያን ገደለው፤ ሁለተኛ አንቺ ገደልሽው» አሉ።

አለ የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ዋጥኋት። ቀና ብዬ አየኋቸው ብቻ፤ ጉንጫቸው ገብቷል፣ አንገታቸው ቀጥኗል፣ በሰማንያ ቀን ዐሥር ዓመት አርጅተዋል። የሠራሁትን እህል ሳይቀምሱ ተነሡ። ለኔ የተሟገተችልኝ አልጣሽ ብቻ ናት፤ ወጣት ናት፣ ምን ታድርግ፣ ከድንጋይ ጋር ትኑር ወይ? አለች። ያን ቀን ጓሮ አልገባሁም፤ በማግስቱም አልገባሁም። ደስታው መረረኝ። አንተንም ትንሽ ተቀየምሁህ፤ እናት ልጇን በቁሙ ስታለቅሰው ማየት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ያዘዝኸኝ።

ትናንት ረፋድ መደቡ ላይ ተቀምጬ እግሬን ውሃ ውስጥ እንደ ከተትሁ በሩ ተንኳኳ። ከሌን ለብሼ ከፈትሁ። እናትህ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ በዚያ ጭቃ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው። ሰላምታዬን ሳይቀበሉ ቀጥ ብለው ጓሮ ገቡ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከጠጅ ሳሩ ቀንጥሰው አሸተቱ። ከዚያ እጄን ወስደው ገለበጡት፣ መዳፌን አዩት።

«ስረግምሽ፣ በደለኛ ብትሆኚ ታፍሪ ነበር። ንጹሕ ብትሆኚ ታለቅሺ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ግን አዘንሽልኝ። ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ለምን አዘንሽልኝ?»

ያዘዝኸኝን አሰብሁ፤ ዝም አልሁ። ውሸት እንዳልናገር ፈራሁ፣ እውነት እንዳልናገር ፈራሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም። ዝምታዬ በረዘመ ቁጥር ፊታቸው ይለወጥ ጀመር። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ስምህንም አልጠሩም። ጭቃ የለበሰ እግራቸውን አንሥተው ከእኔ በተረፈው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተቱት።

«የተረፈ ሥር አለሽ?» አሉ። «ውስጥ እግሬን ብቻ አሙቂልኝ። ላዩ ሐዘንተኛ ይሁን።»

ቆፍሬ ወቀጥሁላቸው። ውስጥ እግራቸውን ብቻ ለቅልቄ፣ ላዩን እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ በጉሎ ቅጠል አሰርሁት። ፀሐይዋ ዘወር እስክትል አብረን ተቀመጥን። ኮክ እየላጥሁ አጎረስኋቸው። ያወራነው ስለ ዱባው፣ ስለ ዝናቡ፣ ጎመኔን ስለ ጨረሰችው ዶሮ ብቻ ነው። አንዴ ያለ ምንም ምክንያት ሳቁ፤ ሲስቁ ለካ አንተን ነው የሚመስሉት።

ሲሄዱ እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። አልጣሽ ከደጇ ቆማ ታየናለች። እናትህ አዩዋትና መንገዱ መካከል ዘወር ብለው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ረገሙኝ። የልጄ ደም ይፋረድሽ፣ እኔ ይህን ደጅ ደግሜ ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው አሉ። እንዲህ ያለ እርግማን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያም በዚያው እግራቸው፣ ጭቃውን ቀስ እያሉ እየረገጡ፣ ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስሁ፤ አልጣሽም መጥታ አቀፈችኝ።

ትእዛዝህን አፍርሼ እንደሆነ አንተው ፍረድ፤ አፌ ግን አልተናገረም።

ለዕንቁጣጣሽ ብቅ ማለት እንዳማረህ ኢስሃቅ ነግሮኛል። ተው፣ እንዳታደርገው። ሙት ሆነህ ቆይልኝ። ሰው ሁሉ ከዳች ይበለኝ፣ ለምጄዋለሁ፤ አንተ ብቻ አትበለኝ። መንገዱ ሲከፈትልህ፣ ይምሽም ይንጋም፣ በር አታንኳኳ፤ በጓሮ በኩል ግባ፣ እዚያ ነኝ።

ማርያም በጥላዋ ትሰውርህ። ጥይት አይይህ፣ ውሃ ሙላት አይድፈርህ፣ የሚከዳህ ሰው እጀ ሰባራ ይሁን። በዓሉን በሰላም ያሻግርህ፣ ለእናትህም ያብቃህ።

ያንተው መበለት፣
ዓባይነሽ